ጅጅጋን የሚያርቅና የሚያቀርብ ሰው

ታደለ መሞቱን የነገረችኝ ሰሚራ ናት። ጠዋት ድሬዳዋ መጋላ ያለችውን ሱቄን ከፍቼ ጨርቅ እያራገፍኩ ስልኬ ጮኸ። «ሮማን፣ ካፒቴኑ አረፈ» አለችኝ። ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለቅሶ ትመጫለሽ አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ። ሰሚራ ከእኔና ከታደለ ጋር በአንድ ቢሮ ዓመታት የሠራች ናት። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠፋኝም።

«እመጣለሁ» አልኳት። ድሬ ላይ ከለቅሶ አይቀርም። የጠላሽው ሰው ሲሞት እንዲያውም ቀድመሽ ትሄጃለሽ፤ ያለዚያ ሰፈሩ በሬሳው ፈንታ አንቺን ያነሳሻል።

ሐዘን አልተሰማኝም። ደስታም አልነበረም። የተሰማኝ ያው የድሮው ማቅለሽለሽ ነው፤ ቢሮ እያለሁ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ከሆዴ ይነሳ የነበረው።

ሳቢያን ሰፈር፣ ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ መንገዱ በባጃጅ ተዘግቶ አገኘሁት። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ልጆችም፣ ነጋዴውም አለ። አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ስለ ሟቹ መናገር ጀመረ። «ታደለ እኮ ሰው ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው» አለ። «እናትን ከልጇ፣ ባልን ከሚስቱ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ መንገደኛ መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም።» ድንኳኑ በሙሉ «እውነት ነው» አለ። አጠገቤ ያለችው ሴት በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች። እኔ የዘገንኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አደረግኩት። ሰሚራ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አቦ ፊትሽን አስተካክይ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ሰው እያየሽ ነው።»

ያኔ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ከጣሉበት መንገድ ዳር፣ የአውሮፕላን ትኬት የምንሸጥባት ጠባብ ቢሮ ነበረች። ባለቤቱ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሰው ነው፤ ቢሮውን የምናንቀሳቅሰው ሰሚራ፣ እኔና አንጋፋችን ታደለ ነበርን። የታደለ አባት ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ ሰው ነው። ልጁ ግን ባቡር ሲነሳበት አፍንጫውን ይነፋል። «የእንቅልፋም ዕቃ» ይላል። የሱ ነገር አየር ነው። ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ራሱ አብርሮት የመጣ ስለሚመስል ካፒቴን አልነው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ከሩቅ ስታየው ንጹሕ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት ሸሚዙ በየቀኑ የተተኮሰ ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። ስትቀርበው ነው ጉዱ። የእስክሪብቶ ክዳን ጆሮው ውስጥ ከትቶ እያዞረ ያወራል፤ ያወጣዋል፤ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ያወጣውን ያያል፤ ከዚያ ያንኑ እስክሪብቶ «እዚች ጋ ፈርሚልኝ እናቴ» ብሎ ለመንገደኛዋ ያቀብላል። ወረቀት በገለጠ ቁጥር ጣቱን እስከ አንጓው ይልሳል። ከምሳ በኋላ ጥርሱ ላይ የቀረውን ሥጋ በትኬት ጠርዝ ጎርጉሮ ያወጣና ትኬቱን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ይሰጣል። ከሰዓት ጫቱን ሲይዝ ደግሞ አረንጓዴው ከከንፈሩ ጥግ እየወረደ ከደንበኛ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። ሰሚራና እኔ የየራሳችንን እስክሪብቶ ቦርሳችን ውስጥ እንደብቅ ነበር።

ይሄን ሁሉ ግን ሰው አያይበትም። ሰው የሚያየው ምላሱን ነው። ሶማሌው ሲገባ በሶማሌኛ፣ ኦሮሞው ሲገባ በኦሮሚኛ፣ የሐረሪዋን ሴት በሐረሪ ይቀበላል። አማርኛው ደግሞ ማር ነው። ሴቱን በሙሉ «እናቴ»፣ ወንዱን በሙሉ «የኔ ጌታ» ይላል። የታመመ ካለ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሄዶ ራስጌው ይቀመጣል። በዘፈን ያለቅሳል። «ይሄ ሰውዬ በአራት ቋንቋ ይዋሻል እኮ» አለችኝ ሰሚራ አንድ ቀን፤ ስቀን ስቀን ሆዳችንን ያዝን። በኋላ ነው ሳቁ የጠፋው።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሥልጠና ተላከ። ሲመለስ ያየውን ደመና ነገረን። «ከላይ ስታዪው እንደተባዘተ ጥጥ ነው፤ ፀሐይዋ ከጎንሽ ናት፤ አዋሽ ከታች እንደ ክር ትታያለች» እያለ። አፋችንን ከፍተን ሰማነው። ለካ የሰሚራ አጎት አብሮት በአውቶብስ ተሳፍሮ ነበር፤ ታደለ ሙሉውን መንገድ ትከሻው ላይ ተኝቶበት እንደሄደና እንደዚያው እንደተመለሰ ነገራት። አውሮፕላን ይፈራ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። ሰው ይፈራል፣ መፍራቱ አይደለም። ሰሚራ ፊት ለፊት ስትነግረው ፊቱ ላይ ምንም አለመታየቱ ነው ያስደነገጠኝ። «ታዲያ ደመናው አላማረሽም?» ብሎ ሳቀ።

የኛ ቢሮ ትልቁ ሥራ የጅጅጋ በረራ ነበር። በሳምንት ጥቂት ቀን አንዲት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ድሬ ላይ ሰው አውርዳ ሰው ጭና ወደ ጅጅጋ ትሻገራለች። አየር ላይ የምትቆየው ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው። በመኪና ከሆነ የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ፣ በሐረር በባቢሌ ዞረሽ፣ ኬላ በኬላ እየወረድሽና እየተፈተሽሽ ግማሽ ቀንሽ ያልቃል። ይሄ የማይለወጥ ነገር ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ከቦታቸው አይነቃነቁም። በታደለ አፍ ግን ይነቃነቁ ነበር።

መቀመጫ መሸጥ ሲፈልግ፣ «ድሬና ጅጅጋ? ቀበቶሽን አስረሽ ሳትጨርሺ ፍቺ ይሉሻል እናቴ» ይላል። ያንኑ መቀመጫ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ሲፈልግ ደግሞ ጅጅጋን ከድሬ ያርቃታል። «አየሩን አትመኚው። ፍተሻው አለ፣ ጥበቃው አለ፣ ነፋስ ከተነሳ መመለሱም አለ። ከተማ እስክትገቢ ይመሻል። መኪና ይሻልሻል፤ ለአንቺ አስቤ ነው።» ሰዉም አመስግኖት ይወጣል። ለማን እንደሚሰጠው አውቃለሁ፤ ጫት ለሚልክለት፣ ስልክ ደውሎ ሰው ለሚያስቀጥርለት፣ ለባለመኪናው፣ ለባለሥልጣን ዘመድ። እኔም ሰሚራም ለባለቤቱ ነግረነዋል። «ደንበኛ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፤ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ» አለን።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ከቢዮ አዋሌ ገጠር ነው የመጣችው፤ ፍየልና ወተት ሸጣ የምትኖር ረጅም፣ ጠይም ሴት። አዴ ፈጡማ ትባላለች፤ አዴ በኦሮሚኛ እናት እንደማለት ነው። ወንድ ልጇ ጅጅጋ በጭነት መኪና ረዳትነት ሲሠራ አደጋ ደርሶበት፣ ሆስፒታል ገብቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ሞቷል። የባሏ ወንድም እዚያው ነው የሚኖረው፤ ደውሎላት «እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት እንጠብቅሻለን፤ ከዚያ በላይ አስከሬን አናቆይም» ብሏታል። ጎረቤቶቿ ተሯሩጠው በአውሮፕላን እንድትሄድ አደረጉ። ትኬቱን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። አውሮፕላኗ ረፋድ ላይ ነው የምትነሳው፤ ከዙህር ብዙ ቀድማ ትደርሳለች።

ትኬቱን ተቀበለችኝ። «ልጄ፣ እደርሳለሁ ወይ?» አለችኝ።

ታደለ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እናቴ፣ ሳይታጠብ ትደርሻለሽ» አለ በኦሮሚኛ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔ ራሴ አየር ማረፊያ አደርስሻለሁ።» ግንባሯን ሳመ። ሴትየዋ በዚያ ሰዓት ከሰው ሁሉ እሱን አመነች።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበርና ሻይና ውኃ ላመጣላት ወጣሁ። ስመለስ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አዴ፣ ምነው? የአየር ማረፊያው መኪና መጣ እኮ፤ አትገቢም?»

«አውሮፕላኑ ዘግይቷል አለኝ፤ ማታ ነው አለ» አለችኝ። «በመኪና ይሻልሻል፣ በመኪና ትቀድሚያለሽ አለኝ ያ እጄን የያዘው ልጅ። አላህ ይስጠው።»

ዘልዬ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስሟ የለም። በቦታው የገባው በየቀኑ ለታደለ ጫት የሚልክለት ነጋዴ ስም ነው። አየር ማረፊያ ለምታውቀኝ ልጅ ደወልኩ። አውሮፕላኗ አልዘገየችም፤ ነጋዴው በሷ ቦታ ተመዝግቧል፤ ትርፍ መቀመጫም የለም።

ታደለ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ማር የፈሰሰበት የፈጢራ ቂጣ እየበላ ነበር።

«የሴትየዋን ቦታ ምን አደረግከው?» አልኩት።

«ኦ ሮሚ፣ ነይ ቅመሺ» አለ።

«ታደለ! ልጇ ሞቶባታል!»

«እና ሰውየውስ ሰርግ የለበትም? ሙሽራ ሊቀበል ነው እኮ።» ማሩ በክንዱ ወርዶ ሸሚዙን ሊነካው ሲል በምላሱ ያዘው፤ ከክርኑ ወደ ላይ ላሰው። «እህቴ፣ ሙሽራ ይቸኩላል። የሞተ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?»

ሰሚራ ከወንበሯ ተነሳች። አፉን አየሁት፤ ማርና ሊጥ ተለንቅጦ ከጥርሱ መካከል ይታያል፤ ያ አፍ አሁን ያቺን ሴት ግንባሯን ስሟል።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጅ ጠርቼ አዴ ፈጡማን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገባን። ብቻዋን ልሰዳት አልቻልኩም። የሆነውን ግን አልነገርኳትም። ምን ይጠቅማታል ብዬ ነው።

ደንገጎን ግማሽ ያህል እንደወጣን የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። አዴ ፈጡማ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ አየች። ትንሿ አውሮፕላን ከተራራው በላይ ዞራ ወደ ምሥራቅ ሄደች።

«የማን ናት ይቺ?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ መዳፏን ዘርግታ «ረቢ ነገያን ኢሳን ሃ ጌሱ» አለች። ፈጣሪ በሰላም ያድርሳቸው ማለቷ ነው። በራሷ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ጸለየችለት።

ሐረር መኪና ቀየርን። ሰው እስኪሞላ ጠበቅን። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ሻጮቹ በመስኮት እየተንጠራሩ ሲጮሁባት እሷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ኔትወርክ ትፈልጋለች። ጅጅጋ መግቢያ፣ ካራማራ ኬላ ላይ አውርደው ሲፈትሹን ከየመስጊዱ የዙህር አዛን ካለፈ ቆይቷል። ያኔ ስልኳ ጠራ። የባሏ ወንድም ነው። እየጮኸ ስለሆነ እኔም ሰማሁት። አየር ማረፊያ ሄዶ ሲጠብቃት ነበር። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሷ የለችም። ስልክ ቢደውል አይሠራም። ቀርታለች ብለው ሰገዱበት፤ ቀበሩት።

ስልኩን ዘጋች። አላለቀሰችም። «አውሮፕላኑ ደርሷል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ደርሷል፣ አዴ።»

«ማታ ነው ብሎኝ ነበር።»

ፈታሹ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ይጮሃል። ሰው ሁሉ ገብቶ እሷ ብቻ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። ነገሩ ሲገባት ከፊቷ ላይ አየሁት፤ ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ እንደ ሕመም።

«እናቴ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ጅጅጋ ስንደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ፊቱን ሳታይ ቀረች። ሴቶቹ ከበው ቤት አስገቧት፤ አብሬያት አደርኩ። ጠዋት ስሰናበታት እጄን ይዛ መርቃኛለች፤ እሱን ግን አልረገመችውም። ብትረግመው ይቀለኝ ነበር።

ድሬ ተመልሼ በቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ታደለ ገና ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተነሳ። «ሮሚ! ደረሳችሁ አይደል? ይኸው፣ በመኪናም ይደረሳል አላልኩም?» አለ። ሊስመኝ ጉንጩን አቀረበ። በሁለት እጄ ደረቱን ገፋሁት፤ ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ባለቤቱ ያን ቀን እዚያው ነበር። «ሴት ልጅ ሰው ትማታለች እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሰሚራም መሰከረች። «መቀመጫ ይቀያየራል፤ በየትም አገር ያለ ነው» አለ። ነጋዴው ትልቅ ደንበኛ ስለነበር ነው። ታደለ ከወደቀበት ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ፣ «ተዋት፣ ደንግጣ ነው፤ ልጅ ናት» ብሎ አማለደኝ። እሱ እኔን አማለደ! ያን ቀን ሥራውን ለቀቅኩ። ሰሚራ ልጆች ስላሏት ቆየች። ሁለተኛ እዚያ በር አልገባሁም፤ ዘመዶቼ አቋቁመውኝ ጨርቅ መሸጥ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ቢሮውም ተዘጋ፤ ሰው ትኬቱን በስልኩ መቁረጥ ጀመረ። ታደለን መንገድ ላይ ሳየው ተሻግሬ እሄድ ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ክረምት ግን አንድ ቀን በከዚራ ሳልፍ፣ ጭማቂ ቤቱ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሆኖ በስሜ ጠራኝ። ስኳር በሽታ ይዞት አንድ እግሩ ተቆርጧል፤ ምርኩዙን ዛፉ ላይ አስደግፎታል። ሸሚዙ ያው የተተኮሰ ነው፤ ያ ሽቶም አለ።

«ተቀመጪ አቦ፤ ሰው አይደለሁም እንዴ?» አለ።

እግሩን ሳይ ተቀመጥኩ፤ ከሱ ራቅ ብዬ።

«ትጠላኛለች ይሉኛል። እውነት ነው?»

«አልጠላህም» አልኩት፤ «እጸየፍሃለሁ።»

አልተቆጣም። ፊቱ ላይ የእውነት መገረም ነው ያየሁት። «ምን አድርጌሽ?»

«እኔን አይደለም። ያቺን ሴት። ልጇ ጅጅጋ የሞተባትን። መቀመጫዋን ለሌላ ሰጥተህ በመኪና የሰደድካትን።»

ጠበቅኩት። ቢክድ የምለውን ለዓመታት አዘጋጅቻለሁ፤ በልቤ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ይቅርታ ቢጠይቀኝ ግን ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ እግሩን ሳይ ይጠይቀኝ ይሆን የሚል ፍርሃት መጣብኝ።

ግንባሩን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። ከልቡ ለማስታወስ እየሞከረ ነበር።

«የትኛዋ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው የትኛዋ?»

«ያቺ ባሏ የሚያጣጥርባት ናት? አይ፣ እሷ የጎዴዋ ናት። ያቺ ዓይኗን ልትታከም የምትመላለሰው? እሷም አይደለችም፤ እሷ የሞተባት የለም፤ ዓይኗ ነው የጠፋው። ቆይ፣ ቆይ... ያቺ አራስ ልጅ የያዘችው? ወይስ እህትማማቾቹ?»

ተነስቼ ሄድኩ። አልጠራኝም። መንገዱን ተሻግሬ ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን አንድ በአንድ እያጠፈ፣ ገና እያስታወሰ ነበር።